የእታለም የሚጥሚጣ ቆርቆሮዎች

ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተነሳሁት እህቴን ይዤ ልመለስ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በመንገዴ ሁሉ ስለ ሚጥሚጣ ስለማወራ ለንግድ የሄድኩ እንዳይመስል ነው። ነጋዴስ ነኝ፤ እናቴ የተወችልኝ ትንሽ የባልትና ቤት አለችኝ። ወንድ ሆኜ ሽሮና በርበሬ ስለማዘጋጅ የሰፈራችን ሴቶች ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ሚጥሚጣዬን የቀመሱ ጊዜ ግን ቀልዱ ይቀርና ግማሽ ኪሎ ጨምርልን ይላሉ።

እህቴ ሙሉነሽ ትባላለች። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ አዝላ ያሳደገችኝም እሷ ስለሆነች «እታለም» ነው የምላት። ጅቡቲ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያብለ በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት እየኖረች ትሠራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉልበቷን ያማታል፤ ቀን ከቆመች ማታ መቀመጥ ያቅታታል። በስልክ «ነይ ግቢ፣ የእማዬ ጓሮ ጦሙን አድሯል» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ባዶ እጄን መጥቼ ሸክም አልሆንብህም። ከእጄ አንድ ነገር ሲበቅል ልይ፣ ያኔ እመጣለሁ።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እሷም አታብራራም። እኔም ትኬቴን ቆረጥኩ።

በሻንጣዬ ውስጥ በየዓመቱ የምልክላት ሚጥሚጣ ነበር። ከሱቅ የሚሸጠው አይደለም። እናታችን ከቤታችን ጓሮ የተከለችው ሚጥሚጣ ዘሩ እየተተካ ዛሬም ሦስት እግር አለ፤ ከእሱ የሚለቀመው ለእታለም ብቻ ነው። እንዳይነፍስበት ሳልፈጨው፣ ፍሬው እንዳለ ነው የምልከው። የመጀመሪያ ዓመት የላክሁት ሻግቶ ደረሰ። የጅቡቲ አየር እርጥብ ነው፣ ጨርቅ እንኳ ታጥቦ በቅጡ አይደርቅም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብረት ድስት ላይ ቀስ አድርጌ አምሼ፣ ልጣጩ ኩርሽም ኩርሽም ሲል አውጥቼ፣ አቀዝቅዤ እልካለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልሻገተም። ዘንድሮ በእጄ ስለምወስድላት ይበልጥ ተጠንቅቄ ሁለት ጊዜ አመስኩት።

ከመልካ ጀብዱ እስከ ነጋድ

ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ነው። በጠዋት ደርሼ ሻንጣዬን ከመቀመጫዬ በላይ አስቀመጥኩ። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሚጥሚጣው መሽተት ጀመረ። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ የታቀፈች ሴት ሦስት ጊዜ አነጠሰች።

«ወንድም፣ ምንድን ነው የጫንክብን?»

«ሚጥሚጣ ነው፤ ይቅርታ።»

«ይቅርታው ይቆይህና ይማርሽ በለኝ» አለችና ሳቀች። እናቷ ጉንፋን ሲይዛቸው ሚጥሚጣ በሎሚና በማር አድርጋ በትኩስ ሻይ ትሰጣቸው እንደነበር አወራችኝ። «አፍንጫችን እንደ ቧንቧ ይከፈታል» አለች። እኔም የባልትና ሰው ነኝና ጨጓራ ያለበት ሰው እንዳይሞክረው፣ ለሕፃን ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰጥ አስጠነቀቅኳት። ልጇን አየት አድርጋ «አይ፣ ለዚህስ ሽታው በቅቶታል» አለችኝ።

ደወሌ ላይ ፓስፖርት ታየ፣ ቪዛ ታየ፣ ሻንጣ ተከፈተ። አንድ ወጣት ፖሊስ የሚጥሚጣውን ላስቲክ አንስቶ አፍንጫው ላይ አስጠጋው። ዓይኑን ጨፍኖ «አሌ! አሌ!» እያለ በእጁ ሂድ አለኝ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ድንጋይና ግራር ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ፍየል፣ አልፎ አልፎ በአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ ጎጆ ይታያል።

አሊ ሳቢህ ልንደርስ ስንል በመስኮቱ በኩል መንገዱን ይዘው የሚሄዱ ልጆች አየን። ስምንት ይሆናሉ። የእኛ ልጆች ናቸው፤ አረማመዳቸውም፣ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙት ነጠላም ያስታውቃል። እያንዳንዳቸው የውኃ ጠርሙስ ይዘዋል። ወደ ባሕሩ፣ ከዚያም ወደ የመን ነው የሚሄዱት። ሴትዮዋ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። እኔ እታለምን አሰብኩ፤ እሷም አንድ ቦርሳ ይዛ ነው በዚህ መንገድ ያለፈችው።

ጅቡቲ ከተማ ዳር ነጋድ ጣቢያ ስንደርስ ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። የታክሲ ሾፌሩ ሁለት ሺህ ፍራንክ አለኝ፤ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ተስማማን። የስልክ ካርድ ገዛሁ። ሙቀቱ ጥቅምት ነው አይባልም፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

ሃያብለ

ቤቱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ አጥር አለው። እታለም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ እንደ አገሩ ሴቶች ድራ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። ስታቅፈኝ ያው የድሮዋ ጠረን ነው፤ እኔም አርባ አምስት ዓመቴን ረስቼ አለቀስኩ።

«አይ ታዴ፣ ሆድ ብቻ ሆነሃል እኮ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

የቤቱ እመቤት አዬዮ ኻዲጃ ናቸው። አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው የድሮው ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። አማርኛቸው ሳይዛነፍ አለ።

«የድሬ ልጅ ነህ?» አሉኝ ከአልጋቸው ላይ ሆነው።

«አዎ፣ እንደምን አሉ አዬዮ?»

«እንደምን አሉ ይለኛል! የድሬ ሰው አንቱ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረው?»

ልጃቸው ወደብ አካባቢ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ስለምትገባ ቤቱን የሚይዙት እታለምና አዬዮ ናቸው። ሁለቱም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ «ቢስሚላሂ» ትላለች፣ ሌላዋ ስትነሳ አንዷ «በስመ አብ» ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ተደጋግፈው ኖረዋል።

እራት በምጣድ የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ በላን። ከዚያ እጄን ልታጠብ ወደ ግቢው ስወጣ ቆርቆሮዎቹን አየኋቸው። በአጥሩ ጥግ፣ ከአዬዮ መስኮት ሥር፣ ሰባት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተደርድሯል። ሁሉም አፈር ተሞልተዋል። አፈሩ ለስልሷል፣ ርሷል፣ ድንጋይ ተለቅሞለታል። አንዱም ላይ ግን ቅጠል የለም። እታለም በመስኮቱ ላይ ካለው የአየር ማቀዝቀዣ፣ እነሱ ክሊም ከሚሉት፣ የሚንጠባጠበውን ውኃ በባልዲ ታጠራቅማለች። በኩባያ እየቀዳች ለሰባቱም በየተራ አጠጣች።

«ምንድን ነው የተከልሽው?» አልኳት።

«ይቆይህ፣ ይወጣል።»

አዬዮ ከውስጥ ሰምተው «ሰባት ዓመት ነው አፈር የምታጠጣው!» ብለው ጮኹ። «ወላሂ፣ አፈሩ ራሱ በቃኝ ብሏል!»

እታለም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀረና አጠገቤ ተቀመጠች። «የቧንቧው ውኃ ጨው አለው፤ እሱ ይሆናል ብዬ የክሊሙን ውኃ ጀመርኩ። ፀሐዩ ይሆናል ብዬ ጥላ ውስጥ አስገባሁት። አፈሩ ይሆናል ብዬ ከአገር በሚመጣው የድንች ጆንያ ላይ የቀረውን አፈር እያራገፍኩ ሰበሰብኩ። በየዓመቱ አንድ ቆርቆሮ እጨምራለሁ። የድሮዎቹንም አልደፋም፤ የዘገየ ዘር ይኖራል ብዬ። ሁሉንም ሞከርኩ ታዴ። የቀረው እጄ ነው።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «አንድ ፍሬ ያላበቀለ እጅ ይዤ የእማዬን ጓሮ ምን ላደርገው ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አገር ገብታ በእማዬ ጓሮ ችግኝ እያፈላች፣ አትክልት እየሸጠች በራሷ ልትኖር ነው ሐሳቧ። መቻሏን ደግሞ እዚህ ሆና በእነዚህ ቆርቆሮዎች ስትፈትን ኖራለች። ምን ዘር እንደሆነ ግን ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ መንገዱ አድክሞኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ባጌት ዳቦ በሻይ በላን። እታለም ያመጣሁላትን ላስቲክ ፈታ ፍሬዎቹን ሳህን ላይ ዘረገፈች። ደረቱ ሰፋ ያለውን፣ ቀዩን፣ ያማረውን እየመረጠች ለብቻ አስቀመጠች። አንዱን በጥፍሯ ሰንጥቃ ዘሩን መዳፏ ላይ አራገፈች።

«እነዚህ ደግሞ ለስምንተኛው ቆርቆሮ» አለች።

ዳቦዬን አስቀመጥኩ።

«ከዚህ ነው የምትዘሪው?»

«ታዲያ ከየት? የእማዬ ዘር አይደል? ሲበቅል ፎቶ አንስቼ ልልክልህ ነበር የምጠብቀው።»

የባልትና ሰው ነኝ። በርበሬም፣ አብሽም፣ ጥቁር አዝሙድም ለዘር የሚፈለገው ከእሳት እንደሚርቅ ገና ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እንዳይሻግት ብዬ፣ በፍቅር፣ በገዛ እጄ ዘሯን ስገድል ኖሬያለሁ። ዘንድሮማ ሁለት ጊዜ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ጣቷን በጥንቃቄ አፈሩ ውስጥ ስትከት አየሁና ዘጋሁት። «ከተማ ልይ» ብዬ ወጣሁ።

በሚኒባስ፣ በሃምሳ ፍራንክ፣ መሀል ከተማ ገባሁ። ገበያውን ዞርኩ። ከአገር የመጣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ናና ተዘርግቷል። ሻጮቹ በሶማሊኛ ይጠሩኛል፣ በአፋርኛ ይጨዋወታሉ፣ ዋጋውን በፈረንሳይኛ ይነግሩኛል፤ ፊቴን ሲያዩ ደግሞ «ና ወንድም» ይላሉ። ቀይ ቃሪያ ገዝቼ ዘሩን ብሰጣትስ ብዬ አሰብኩ። ግን የማንም ዘር የእማዬን ዘር አይተካላትም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ከተማው ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኛ። እኔም ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

እታለም ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ግቢው ጥግ ቆሜ ለባለቤቴ ለሰናይት ደወልኩ። «ከእማዬ ሚጥሚጣ በደንብ የቀላውን ቅጠፊ። እሳት እንዳታስነኪው። ፀሐይም አታስጪው። ለሁሴን ስጪው፣ ዛሬ ነገ ጭኖ ይወጣል።» ሁሴን ጎረቤታችን ነው፤ በከባድ መኪና ወደ ወደብ ይመላለሳል።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አዬዮ በመስኮት እያዩኝ ነው።

«እሳት እንዳታስነኪው አልክ?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«የምትልክላት ሁሉ የታመሰ ነበር?»

«አዎ፣ አዬዮ።»

«ሰባት ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ሆኜ ስታጠጣ አይቻለሁ። ስቄባታለሁ። ዛሬ ሳይመሽ ንገራት። እኔ ከነገርኳት ወንድምነትህ ይቀራል።»

ዘይቱ

ወደ አመሻሹ ላይ የአዬዮን ጉልበት የማሸት ሰዓት ነው። ዘይቱን እታለም ራሷ ነው የምታዘጋጀው። የሰሊጥ ዘይት በትንሽ ድስት ታደርግና ድስቱን የፈላ ውኃ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ቀጥታ እሳት ከነካው ይመራል። አንድ ማንኪያ በደቃቁ የተወቀጠ ሚጥሚጣ ጨምራ ለብ እንዳለ ታቆየዋለች። ከዚያ በስስ ጨርቅ ሁለቴ አጥልላ ጠርሙስ ውስጥ ታኖረዋለች። ሲታሽ መጀመሪያ ይለበልባል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ሕመሙ ራቅ ይላል። ቁስል ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይደረግም። አዬዮን የምታያቸው ነርስ ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ከሆነ ይቀቡት ብላ ፈቅዳለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

እታለም ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአዬዮን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ እያሸች ነበር። አዬዮ በአገጫቸው ወደ እሷ አመለከቱኝ።

«እታለም» አልኩ። «እጅሽ ምንም አልሆነም።»

«ምን?»

«ሚጥሚጣውን አምሼ ነው የምልክልሽ። በየዓመቱ። ዘንድሮማ ሁለት ጊዜ አመስኩት። የታመሰ ዘር አይበቅልም።»

እጇ የአዬዮ ጉልበት ላይ ቆመ።

«ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም።»

«ለምን?»

«ሻገተ ብለሽኝ ነበር። እንዳይሻግትብሽ ብዬ።»

ተነስታ ወጣች። ተከተልኳት። ቆርቆሮዎቹ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። እጇን ወደ ዓይኗ ስታነሳ ዘልዬ ክንዷን ያዝኩ። «ዓይንሽን አትንኪ! እጅሽ ሚጥሚጣ ነው!» ሁለት እጇን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንስታ ቆመች፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩላት። ትንሽ ልጅ ሆኜ ስወድቅ በቀሚሷ ጫፍ የምትጠርግልኝ እሷ ነበረች።

«እኔ እኮ» አለች ሳግ እየቆራረጣት፣ «እማዬ ተቀይማኝ ነው ብዬ ነበር። የሞተች ጊዜ ወረቀት አላለቀልኝም፣ ለቀብሯ አልደረስኩም። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የዘራሁት በዚያ ዓመት ነው። ዘሯ እምቢ ያለኝ ለዚያ ነው ብዬ ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

በመጨረሻ በእንባዋ መሀል ሳቅ መጣባት። «ሁለት ጊዜ ነው ያመስከው ዘንድሮ? ለዚያ ነው እንዲህ የጣፈጠው።» እጇን በሳሙና፣ ቀጥሎም በዘይት፣ እንደገና በሳሙና አስታጠብኳት፤ የሚጥሚጣ እጅ በውኃ ብቻ አይለቅም።

ፔካ 12

በአምስተኛው ቀን ሁሴን ደወለ። ከእታለም ጋር በሚኒባስ ወደ ፔካ 12 ሄድን። የኢትዮጵያ መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ከባድ መኪኖች ተራ ይዘው ቆመዋል፣ ሾፌሮች በጥላቸው ሥር ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ያወራሉ። አማርኛና ኦሮምኛ እንደ ልብ ይሰማል። በሃምሳ ፍራንክ ሻይ ጠጥተን ጠበቅን። ከአትክልት ሻጮቹ አንዷ እታለምን ስታያት «የአፈሯ ሴትዮ መጣች!» ብላ ባዶ የድንች ጆንያ ወረወረችላት። እታለም ጆንያውን ላስቲክ ላይ ገልብጣ ታራግፈው ጀመር። እኔም ቁጭ ብዬ አብሬያት አራገፍኩ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ የሐረርጌ ደጋ አፈር።

ሁሴን ከመኪናው ወረደ። ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል፤ ውስጡ ቀያይ ሚጥሚጣ ከነ ቅጠሉ።

«ሰናይት አስምላኛለች» አለ። «ሞተሩ አጠገብ እንዳታስቀምጠው፣ ፀሐይ እንዳያየው ብላ። እንቁላል የጫንኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ከደወሌ ጀምሮ ጭኔ ላይ ነው ያመጣሁት።»

እታለም ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። «የጓሮው ሽታ ነው» አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ጠቦ ሰው እግሯን ረገጠው፣ ጉልበቷን ገፋት፤ እሷ ግን ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ይዛ ምንም አላለችም።

በዚያው ቀን ዘራን። የቆየ የፍየል ፍግ በእጃችን ፈረፈርን። አንድ እጅ ፍግ፣ ሁለት እጅ የጆንያ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቀልን። የቆርቆሮዎቹን ቂጥ በምስማር በሳን። ዘሩን በጥፍር ጥልቀት ቀበርነው። ወቅቱ ጥሩ ነው አልኳት፤ በጅቡቲ የበጋ ሙቀት ሚጥሚጣ ቢያብብ እንኳ አበባው ይረግፋል። አሁን ከተዘራ ግን ቀዝቃዛዎቹን ወራት ያገኛል። አሮጌውን አፈር እንድፋው ስላት እምቢ አለች፤ ቀላቅላ መለሰችው። አዬዮ ወንበራቸውን ወደ ደጃፉ አስወጥተው «ውኃ አብዝተሻል፣ በቃ!» እያሉ አዘዙን።

የመመለሻው ጠዋት

ከዘራን በሰባተኛው ቀን እኔ የምሄድበት ጠዋት ደረሰ። ገና ሳይነጋጋ ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣ ቆርቆሮዎቹ ጋ ተገናኘን። ምንም የለም።

«ገና ሰባት ቀኑ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩ ሰባት ቀን አያቅተኝም።»

«አብረን እንሂድ እታለም። እዚያም እኮ መዝራት ይቻላል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሳላይ አልሄድም። ስትለምነኝ እምቢ ስልህ ይከፋኛል፣ ስለዚህ አትለምነኝ።»

አዬዮ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ሰጡኝ። «ለሆድህ አይደለም፣ ለጉልበትህ ነው፤ አንተም ታረጃለህ» አሉኝ። እታለም እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ባዶ እጄን መመለሴ ነው ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እሷን ልወስድ መጥቼ የእሷን ሰባት ዓመት እንዳበላሸሁ አውቄ መመለሴ ልቤን አሳመመው።

ባቡሩ አሊ ሳቢህን ሳያልፍ ስልኬ ጮኸ።

«ታዴ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጎብጦ ነው የወጣው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳበ።

«እንደዚያ ነው የሚወጣው! ፀሐይ ሲያይ ቀና ይላል። ስንት ነው?»

«አራት። አይ፣ ቆይ። አዬዮ አምስት ናቸው ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ቅርቡን በደንብ አያይም።»

ከኋላዋ «አምስት ነው! ወላሂ አምስት!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እታለም ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። «እጅሽን ታጥበሻል?» አልኳት። «አትጨነቅ፣ ዘይት አልነካሁም» አለችኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ድሬዳዋ

ቤቴ ስገባ ሰናይት «እሷስ?» አለችኝ። «ቆርቆሮ ታጠጣለች» አልኳት፤ የቀረውን ተቀምጬ ነገርኳት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለሰው አንድ ነገር ስልክለት ምን ሊያደርግበት እንደሚፈልግ መጠየቅን ነው። ሰባት ዓመት በደንብ ያሰብኩላት መስሎኝ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። አሁን ሱቄ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ለመብል ነው ለዘር?» እላለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል።

ሚያዝያ ላይ ሁሴን ከጅቡቲ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ዕቃ ሰጠኝ። ውስጡ በጥላ የደረቀ አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ ነበር፤ የሃያብለ ሚጥሚጣ። ወረቀቱ ላይ በእታለም የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «እንዳታምሰው። ከእማዬ ሦስት እግር አጠገብ ዝራው። አበባ ሲያወጣ ደውልልኝ፣ ልብሴን እሸክፋለሁ። ቆርቆሮዎቹን ለአዬዮ እተውላቸዋለሁ፤ ዘይቱን ልጃቸው መሥራት ተምራለች።»

የዚያኑ ቀን ዘራሁት። ችግኙ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደቡ አዛወርኩት። በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እያጎነበስኩ አየዋለሁ፤ ሰናይት ደግሞ በመስኮት ሆና እኔን ታየኛለች። ዛሬ ጠዋት ከቅጠሉ ሥር አንዲት ነጭ አበባ፣ ከምስር ትንሽ ከፍ የምትል፣ አንገቷን ደፍታ አገኘኋት። እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ።

«አበባ አወጣ» አልኳት።

«ስንት ነው?»

«አንድ።»

ከኋላዋ አዬዮ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉ ይሰማል።

«ይበቃል» አለችኝ።